መስመር እንዳያወጣ

ጥር 6

የጥርስ ሐኪሟ ጋ ሥራ ጀመርን። ታካሚዎች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ነው። ረዥሙ የምንለው ሰው ጂፕሰም ቦርዱን ሲገጥም ዋለ፤ እኔ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የወረቀት ፕላስተር ስለጥፍ፣ በላዩ ስቱኮ ስስብ፣ የብሎኖቹን ራስ ስደፍን። እጅ እንጂ ሐሳብ የማይጠይቅ ሥራ። ችግሩም እሱ ነው። ሐሳቤ ሥራ ሲፈታ ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ።

ረዥሙ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነበር። አሁን የእኔ ነው። ሌላው ሰው መሰላል የሚፈልግበት ቦታ እጁን ዘርግቶ ይደርሳል። ሐኪሟ ስታየው፦

«አባባ፣ እርስዎን ለማከም ወንበሩን ሳይሆን እኔን ነው ከፍ ማድረግ ያለብኝ።»

ሲስቅ የጎደሉትን ጥርሶቹን አየችበት። «ይቀመጡ እስቲ» ብትለው ካቻቪቴውን እንደያዘ ጥግ ገባ። «ግድግዳሽን ልሥራልሽ፣ አፌን ተይልኝ!»

ስንመለስ ቤቴ ድረስ መጣ። ቧንቧዬ እንደሚያንጠባጥብ አልነገርኩትም፤ በር ላይ ቆሞ ሰማው። ጎማውን ቀየረልኝ። ሻይ አልኩት። አይ አለ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። ይጠግናል፣ ይሄዳል።

ሲወጣ የሳሎኔን ግድግዳ አየው። ቦርዱ እንደተገጠመ ነው፤ የብሎኖቹ ራስ ሁሉ ይታያል። ባለቤቴ ሊለስነው ነበር...

«ይህን ነገር አንለስነውም?»

«ይቆይ» አልኩት። እንደ ወትሮው።

ጥር 8

ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ስናለሰልስ ዋልን። ዱቄቱ ከእግር እስከ ራስ አለበሰን። ረዥሙ መስታወት ውስጥ አየንና «እንኳን ደስ አለሽ፣ አብረን ሸበትን» አለኝ።

በትርፍ ቦርድ ላይ ሁለት ናሙና ሠራሁ። አንዱ አሸዋ ይመስላል፣ ሌላው ዝናብ የነካው ሸክላ። ሐኪሟ ሸክላውን ወደደችው። ገና እርጥብ ነው፣ ሲደርቅ ይገረጣል፣ ነገ አይተው ይወስኑ አልኳት። ባለቀለም ልስን እንዲህ ነው። ቀለሙ ልስኑ ውስጥ ነው ያለው። ቢሳሳቱ ላዩን ቀብተው የሚሸፍኑት ነገር አይደለም።

ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ጊዜ ነው የሚለሰነው። ጠርዙ እርጥብ እያለ ካልቀጠሉት ያቆሙበት ቦታ መስመር ያወጣል። የወጣ መስመር አይጠፋም። ባለቤቴ የታወቀው በዚህ ነበር። «የእሱ ግድግዳ አንድ ትንፋሽ ነው» ይሉታል።

አንድ ትንፋሽ...

ጥር 9

ደርቆ ገረጣ። ሐኪሟ አሁንም ወደደችው። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ።

ጥር 10

ረዥሙ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ልጁ ናት። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ወልዳለች። ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ፣ መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር ትለዋለች። ይኸው ከርማለች እንዲህ ስትል።

«አይሆንም የኔ ልጅ» ይላል። «እዚህ ሰው አለብኝ።»

ሰው አለብኝ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

«ለምን አትሄድም?» አልኩት ሲመለስ። «የልጅ ልጅህን አታይም?»

«ፎቶውን ልካልኛለች። አፍንጫው ቁርጥ እኔን። አዝናለሁ ለልጁ።»

«የምሬን ነው የምጠይቅህ።»

የቀረውን ቦርድ ብሎን አጥብቆ ጨረሰ። ሳያየኝ ነው የመለሰው።

«አንቺን ለማን ጥዬ? ያን ቀን ከሥራ ባልቀር ላይኛውን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ መወጣጫ ላይ ባልወጣ። የረሳሁት መሰለሽ?»

ወንድሜ የሚለው ባለቤቴን ነው። በሥጋ አይዛመዱም።

አፌን ከፈትኩ። ምን ወጣ? «ባልዲውን አቀብለኝ።»

አቀበለኝ።

ጥር 12

ጠዋት መጥቶ የበሬን ማጠፊያ ዘይት ቀባልኝ። ያን ነገር ዛሬም አልነገርኩትም።

ጥር 14

ሥራ የለም። የመጨረሻው ስቱኮ እስኪደርቅ እረፍት። መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት፣ አንድም ነገር አልገባኝም።

ፊደል የለየሁት ከቀለም ጣሳ ላይ ነው። ባለቤቴ የሁሉንም አበጣጠር በቃሉ ያውቅ ነበር። ሲሞት ጣሳዎቹ ቀሩ፣ እሱ የለም። ስለዚህ በግድ አነበብኩ። ከጣሳው በኋላ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ከዚያ መጽሐፍ። ማን ይከለክለኛል? አንድ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ስንሠራ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበብኩ። የልብ ሕመም ምልክቶች። ትከሻና ክንድ ላይ የሚሰማ ሕመም። ቀዝቃዛ ላብ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ረዥሙ ውሃ አመጣልኝ፤ አቧራው ነው አልኩት። ባላነብ ኖሮ ድካም ነበር ብዬ እቀመጥ ነበር። ማንበብ ያልጠየቁትንም ይናገራል።

ባለቤቴ የሞተ ቀን ረዥሙ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ አምሽቶ ሥራ ቀረ። ሁለታችን ጀመርን። ባለቤቴ ከላይ፣ እኔ ከታች። ግማሹ ላይ ስንደርስ «ትከሻዬን ያዘኝ» አለ። ቀና ብዬ አየሁት። ላብ በላብ ሆኗል።

«ትንሽ ልውረድ እንዴ?» አለኝ።

እኔን ጠየቀኝ። እሱ ነበር አለቃው፤ ግን ጠየቀኝ።

«አሁን ካቆምክ መስመር ያወጣል። ይቺን ጨርሰህ ትወርዳለህ።»

ተቆጥቼ አልነበረም። እንዲያው እንደ ሥራ ወሬ። ጨረሰ። ወረደ። ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠ፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አየው። ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ አልተነሳም።

መስመር የለውም። እዚያ ቤት አልፌ በሄድኩ ቁጥር አውቀዋለሁ፣ ውስጥ መስመር የሌለው ግድግዳ አለ።

ያን ቀን የወረቀት ፕላስተሩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ቀጥ አድርጌ ከላይ እስከ ታች ብለጥፈው ልስኑ እዚያ ላይ ያርፋል። በማግስቱ ከዚያ ይቀጠላል። ፕላስተሩ ሲነሳ ቀጭን ቦይ ይቀራል፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ያኔም አውቅ ነበር። ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የእሱ ግድግዳ አንድ ትንፋሽ ነው እየተባለ ማን ይለጥፋል?

በልቅሶው ረዥሙ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ቁመት መሬት ላይ። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ይቅር በይኝ» ይላል። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ምን አልኩ?

«ይቅር ብዬሃለሁ። ተነሳ።»

እኔ። እሱን። ይቅር አልኩት።

ጥር 16

ልስኑ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባውን ቀባን። ከነገ ወዲያ ትልቁ ግድግዳ።

ሐኪሟ ረዥሙን አሁንም ወንበሩ ላይ ልታስቀምጠው ትሞክራለች። ዛሬ በልመና ጀመረች። እሱም «መርፌሽን አልፈራም፣ ያንን የሚጮኸውን ነው» አላት። በሩ ዳር ጉንጩን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ሊሄድ ምንም አልቀረው። «ይተዉ አባባ፣ ደንበኛ ሊያሳጡኝ ነው!»

ምሳ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገው፦

«ለልጄ ቁርጡን ነገርኳት። አልመጣም፣ ክፍሉን አከራዩት አልኩ።»

«ምን አለች?»

«አለቀሰች። ይወጣላታል።»

ምሳዬን ከደንኩት። አንዲት ልጅ በእኔ ዝምታ አለቀሰች። አይታኝ እንኳን አታውቅም።

ጥር 18

እጄ ላይ ልስን አለ። ሳልታጠብ ነው የምጽፈው።

ለግድግዳው የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ላይ በጠበጥኩ፤ ሁለተኛ ብጥብጥ ከመጀመሪያው ጋር ገጥሞ አያውቅም። የክፍሉ ጣሪያ ከፍ ያለ ነው፣ ለረዥሙም መወጣጫ አስፈለገ። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ከበሩ ወደ መስኮቱ። ጥሩ ይሄድ ነበር። ያፏጫል።

ፉጨቱ ቆመ። ቀና አልኩ። የልስን ማንኪያውን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ትከሻውን ያሻል። ግንባሩ ላይ ላብ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው።»

«ውረድ።»

«እ?»

«ውረድ አልኩህ።»

«ግማሹ ላይ? ምን ነካሽ ሴትዮ፣ መስመር ያወጣል እኮ!»

ያችን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማት... ሱሪውን ያዝኩ። ያዝኩና ጎተትኩ።

«ኧረ ሱሪዬን! ይወልቃል! ሰው አለ እኮ!»

ኮሪደሩ ላይ አንዷ ታካሚ ሳቀችና መልሳ ጉንጯን ያዘች። ረዥሙ ሱሪው ከሚወልቅ ብሎ ወረደ። ሐኪሟ ሮጣ መጣች። የደም ግፊቱን ለካች። «እኔ የጥርስ ነኝ፤ ልብ የሚያይ ሰው ይየው» ብላ ምድር ቤት ወዳለው ክሊኒክ ሰደደችን። ደረቱን በማሽን አዩት። ምንም የለበትም። ባዶ ሆድና ወደ ላይ ሲዘረጋ ያረፈደ ትከሻ ነው አሉ። ነርሷ ብስኩት ሰጠችው።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ አለኝም። ግን ደረጃውን ስንወጣ ያችኑ ቃል ደጋገምኩ። ውረድ ማለት ይኸው ነው? ይኸው ብቻ ነበር?

ስንገባ ጠርዙ ደርቋል። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ወጥቷል፤ ጠቆር ብሎ፣ ተንሻፎ።

«ይኸው» አለ ረዥሙ። «ለአንድ ቁርስ ብለሽ ግድግዳ አበላሸሽ። ወንድሜ ይህን ቢያይ...»

«ወንድምህም ትከሻዬን ብሎ ነበር።»

ዞረ።

«ያን ቀን። ግማሹ ላይ። ልውረድ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ጨርሰህ ትወርዳለህ አልኩት።»

«መቼ?»

«ያን ቀን ነው የምልህ።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ብስኩቱን ያዘው፣ አልበላውም። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። የምጠብቀው ጩኸት ነበር። ወደ ውሃው ሄደ። ሥራ ስንጨርስ የእኔንም ማንኪያ የሚያጥበው እሱ ነው፤ ሁልጊዜ። ዛሬ የራሱን ብቻ አጠበ።

ጥር 19

አልመጣም።

ጥር 20

አልመጣም። ስልኩንም አያነሳም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሦስተኛውን አፈርኩ።

ጥር 21

ሐኪሟ መስመሩ ፊት ቆማ አገኘኋት።

«ፍቄ እንደገና እሠራዋለሁ» አልኳት።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«በአንድ ጊዜ ካልተሠራ መስመር ያወጣል አላሉኝም ነበር፣ እማማ?»

«መስመሩን እኔው ነኝ የማወጣው።»

አልገባትም። እሺ አለች። ስትወጣ ግን በሩን ይዛ ቆመች፤ «አባባ ደህና ናቸው?» አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው።

ስፍቅ ዋልኩ። ልስን ሲፋቅ ከተለሰነበት የበለጠ ይከብዳል።

ጥር 24

ትናንት መሐሉ ላይ ፕላስተሩን ለጠፍኩ። ውሃ ልክ ይዤ፣ ቀጥ አድርጌ። ከበሩ እስከ ፕላስተሩ ለሰንኩና አቆምኩ። ወንበር ስቤ ምሳዬን በላሁ። እርጥብ ግድግዳ አጠገብ ተቀምጬ ምሳ በልቼ አላውቅም። ዛሬ ቀሪውን ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ለየብቻው በጠበጥኩ፤ ቀለማቸው ትንሽ ይለያያል፣ ግን ቦዩ መሐላቸው ስላለ ሁለት እህትማማች ነው የሚመስሉት።

ሐኪሟ ቦዩን በጣቷ ከላይ ወደ ታች ተከተለችው።

«ይህ ነገር እንዴት ያምራል! ምን ይሉታል?»

«መቆሚያ» አልኳት። ስም የለውም፣ እዚያው ያወጣሁት ነው።

ያምራል አለች። እንግዲያው ያን ጊዜም ያምር ነበር። ባለቤቴም ወርዶ ምሳውን ይበላ ነበር።

ታጥቤ ስወጣ የራሴን ማንኪያ ራሴ አጠብኩ። እጀታው ላይ የደረቀ ልስን ነበር። እሱ ሲያጥብ እጀታውንም ያጥብ ኖሯል።

ጥር 26

በር ተንኳኳ። ረዥሙ ነው። የሥራ ልብስ አልለበሰም፤ ዕቃ መያዣውንም አልያዘም። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

ገባ። ተቀመጠ።

«ሻይ አለሽ?»

አፈላሁ።  ስኳር አበዛበት። ጠጣ። አጋምሶ አስቀመጠው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድሜን ጨርስ ማለትሽን... እሱን ተይው። እኔም ብሆን ጨርስ እለው ነበር። እሱም እኔን ይለኝ ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነን። እኔን ለምን ይቅር አልሽኝ?»

«እግሬ ላይ ወድቀህ... ሰው እያየ... እንድትነሳ ብዬ ነው።»

«ተነሳሁ ታዲያ?»

የስኳሩን ዕቃ ከደንኩ፤ እሱ ቀጠለ።

«ልጄ ስትዳር አልሄድኩም። ይህቺ ሴት የሚደግፋት የላትም፣ ቧንቧዋ ይፈሳል፣ በሯ ይንቋቋል ብዬ። ልጄን ሌላ ሰው ዳራት። ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ሥራ ይዞኝ ነው ብሎኝ ነበር ያኔ።

«ይቅር በለኝ አልልህም» አልኩት። «ደፍሬ አልልህም።»

«አትበይኝ። እንዳንቺ ቶሎ ከአፌ አይወጣልኝም።»

ሻዩን ጨረሰ። ብርጭቆውን ገበታው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ የሚሰበር እንደመሰለው ሁሉ። በሩ ጋ ሲደርስ የመጠባበቂያ ቁልፌን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የሳሎኑን ግድግዳ አላየውም።

የካቲት 4

ሄዷል። የቀለም ሱቁ ባለቤት ነው የነገረኝ። «አልሰማሽም እንዴ? ልጁ ጋ ገባ እኮ!» ሰምቻለሁ አልኩ። ዋሸሁ። አሁንም እዋሻለሁ ማለት ነው፤ ለትንሹ ነገር።

እቤት ስገባ ቧንቧው ያንጠባጥባል። ራሴ ፈታሁት። መጀመሪያ ዋናውን ውሃ መዝጋት እንዳለብኝ ማን ነገረኝ? ውሃው ፊቴን መታኝ፣ ወለሉ ሐይቅ ሆነ። ጎረቤቴ እየጮኸች መጥታ ዘጋችልኝ፤ «አንቺ ሴት፣ መታጠብ ከፈለግሽ ልብስሽን አውልቂ!» ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና የቀረው ሌላ ነገር ሆነ። ትከሻዬን ይዛ ተቀመጠች።

አሁን አያንጠባጥብም። ትንሽ ብቻ።

የካቲት 11

ልቤ ቀለል ያለው መስሎኝ ነበር። አልቀለለም። ቦታውን ነው የቀየረው። በፊት የሞተው ሰው ነበር የሚከብደኝ። አሁን የሚኖረው። የተዳረችው ልጅ... ያላያት አባቷ...

የሳሎኑን ብሎኖች ደፈንኩ። እጄ ሥራ ስለፈታ ነው።

የካቲት 20

ዛሬ የሳሎኔን ግድግዳ ጀመርኩ። ከሐኪሟ የተረፈውን ያንኑ ሸክላ ቀለም። ትንሽ ግድግዳ ስለሆነ ፕላስተር አልለጠፍኩም፤ ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ ብዬ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። በእርጥብ ልስን ስልክ አንስቼ አላውቅም። ባለቤቴም አያነሳም ነበር። ይጮኻል፣ ይጮኻል...

እጄን ሽርጤ ላይ ጠርጌ አነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ረዥሙ።

«አውቄሃለሁ።»

«የሐኪሟ ቀለም... ሸክላው። ዱቄቱ ስንት ማንኪያ ነበር? የሕጻኑን ክፍል ልለስን ነው።»

ነገርኩት። ደገመው፤ እየጻፈ ነው መሰለኝ። ከኋላው ሕጻን ያለቅሳል። የሚዘጋ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልዘጋም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሳሎኑን እየለሰንኩ።»

«አሁን? እርጥብ ነው?»

«እርጥብ ነው።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ! ሂጂ ጨርሺ፣ መስመር...»

አልጨረሰውም።  ሕጻኑም ዝም አለ።

«ይቆይ» አልኩት።

ትንፋሹን እሰማለሁ።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አለ። «እግርሽን ያምሻል ስትቆሚ።» ከዚያ ስለ ሕጻኑ አወራኝ። እንደማይተኛ፣ የአያቱን ጆሮ ካልያዘ ጡጦ እንደማይጠባ፣ አፍንጫው በየቀኑ እየባሰ መሆኑን። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። አልጠበቅኩም። ስንጨርስ «ቧንቧሽስ?» አለኝ፤ ትንሽ ያንጠባጥባል አልኩት፤ «ያንጠባጥብ» አለ።

ስዘጋ ጠርዙ ደርቋል። ቀሪውን ለሰንኩ። መስመሩ ወጥቷል፤ ከመስኮቱ በስተግራ፣ ወጣ ገባ ብሎ፣ ማንም ሰው ገና ከበር ሲገባ የሚያየው።

አልፋቅኩትም።